የኪስ ሚኒስትራችን

ሰው በሚኖርበት ሕንፃ ሁሉ የጎረቤቱን ገንዘብ ከባለቤቱ አብልጦ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ምን ያህል እንደምታገኙ ያውቃል። በምን እንደምታጠፉትም ያውቃል። ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ በምን ማጥፋት እንደነበረባችሁ ማወቁ ነው። በእኛ ሕንፃ እንዲህ ያለ ሰው የለም የምትሉ ካላችሁ ቆም ብላችሁ አስቡ፤ ምናልባት እናንተው ናችሁ።

የእኛ ሕንፃ ግን ዕድለኛ ነው። የእኛዋ ተራ ሰው አይደሉም፤ ሚኒስትር ናቸው። መሥሪያ ቤታቸው ከደረጃው ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ስትሆን፣ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ረዥም መስታወትና አንድ የደንበኛ ወንበር ከያዘች በኋላ ለሚኒስትሯ ራሳቸው የምትተርፈው ቦታ ጥቂት ነው። በሩ ላይ «ልብስ ስፌት፣ ማጥበብ፣ ማስፋት፣ ዚፕ መቀየር» የሚል ተጽፏል። ጽሑፉ የእኔ ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ ቀለም ቀቢ ነበርኩ። ማዕረጋቸውን ያልጻፍኩት በንቀት አይደለም። ሹመቱ የመጣው ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ስለሆነ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ለአነስተኛ ነጋዴዎች የግማሽ ቀን ሥልጠና ይሰጣል ተባለና ልብስ ሰፊያችንና ከጎናቸው ያለው ፀጉር አስተካካይ አብረው ሄዱ። ርዕሱ «የግል በጀት ለጀማሪዎች» ነበር። ፀጉር አስተካካዩ እንደሚለው እሱ የሄደው ለብስኩቱ ነው፤ ብስኩቱን በልቶ እስከ መዝጊያው ድረስ ተኝቷል። እሳቸው ግን ሄደው የተመለሱት ሌላ ሰው ሆነው ነው። ገና ከመግቢያው በር ድምፃቸው ተሰማ።

«ጉድ እኮ ነው! ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ሳልለካ ቆርጬ አላውቅም። ገንዘቤን ግን ለክቼው አላውቅም! እናንተስ ለክታችሁ ታውቃላችሁ?»

ማንም መልስ አልሰጠም። ዝምታችንን እንደ ድምፅ ቆጠሩት መሰለኝ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ራሳቸውን ሾሙ።

በዚያው ሳምንት ከሥራ የተረፈ ቁርጥራጭ ሰብስበው በር ኋላ የሚንጠለጠል፣ በኪስ የተሞላ ወፍራም ጨርቅ ሰፉ። ሰማያዊው ኪስ ለቤት ኪራይ ነው። ቢጫው ለምግብ፣ ባለ መስመሩ ለትራንስፖርት፣ ነጩ ለመድኃኒት። ከታች አንድ ጥቁር ኪስ አለ፤ «ድንገት» ይባላል። አጠገቡ ያለው ባለ አበባ ኪስ ደግሞ «ደስታ» ነው። ከሁሉም በላይ ግን አፉ ሳይቀር ዙሪያውን የተሰፋ አንድ ኪስ አለ። የታጠፈ ገንዘብ ብቻ የምታስገባ ቀጭን ቀዳዳ ተትታለታለች። ይገባል እንጂ አይወጣም። ለመክፈት ስፌቱን በምላጭ መተርተር ያስፈልጋል፤ ምላጩም ሥልጣኑም በክብርት ሚኒስትር እጅ ነው። በዚያ ኪስ ውስጥ የሚቀመጠው ሰውየው ከልቡ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሁለት ነገር ማስቀመጥ ክልክል ነው።

ከሁለት ወር በኋላ ከእኛ ቤት በቀር በሕንፃው ውስጥ ያለ ኪሳም ጨርቅ የሚያድር ቤት ጠፋ። ደረጃ መውጣትም ጭንቅ ሆነ። የስፌት መኪናው ድምፅ ድንገት ቆም ካለ ሚኒስትሯ ያዩት ነገር አለ ማለት ነው። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ነርስ አዲስ የብርጭቆ ካርቶን ታቅፋ ስትገባ ከደረጃው ሥር ድምፅ ወጣ።

«ኪስ አለው?»

«እ... ብርጭቆ ነው እትዬ።»

«ብርጭቆ መሆኑማ ይታየኛል። ኪስ አለው ወይ ነው ያልኩት።»

«ከደስታው ኪስ ነው።»

«እሰይ! በይ ግቢ፣ እንዳይሰበርብሽ።»

እንዲህ ናቸው። መግዛትን አይጠሉም። ኪስ የሌለው ግዢ ግን እንደ ሌባ ይታያቸዋል። አንዱ ጎረቤታችን አዲስ ቴሌቪዥን የገዛ ጊዜ በጓሮ በኩል ባለው ደረጃ አስገባው ብላችሁ ታምናላችሁ? በገዛ ገንዘቡ፣ ወደ ገዛ ቤቱ!

ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ የሚመኘው አዲስ የደንበኛ ወንበር ነበር፤ አሮጌው ከፍ ዝቅ ማለቱን ከተወ ቆይቷል፤ አጭር ደንበኛ በትራስ፣ ረዥም ደንበኛ በትዕግሥት ነው የሚስተናገደው። ታዲያ አንድ ቅዳሜ የኳስ ውርርድ አማለለውና የተሰፋውን ኪስ በራሱ ምላጭ ከፈተ፤ ምላጭ እንደሆነ እሱም አያጣም። ያወጣውን አወጣና መልሶ ሰፋው። ሰኞ ክብርቷ ለቁጥጥር ገቡ። ጣታቸውን ስፌቱ ላይ አንዴ ሄድ አደረጉት።

«ይሄ የእኔ ስፌት አይደለም።»

«እንዴት አይደለም! ያንቺው ነው እንጂ!»

«የእኔ መርፌ ቦታውን ያውቃል። ይሄ አራት ጊዜ ወጋ ወጋ አድርጎ ደክሞት ተኝቷል። ልክ እንደ ሥልጠናው ቀን።»

ወንበሩ ላይ ግማሽ ፂሙ የተላጨ ደንበኛ ነበር፤ ከሳቁ የተነሳ ሌላው ግማሽ ብዙ ቆየ። ፀጉር አስተካካዩ የሳምንቱን ጉርሻ በሙሉ ወደ ኪሱ እንዲመልስ ተፈረደበት። መለሰም።

እኔ ይህን ሁሉ ከሩቅ ሆኜ ነበር የምስቀው። ሠርቼ የበላሁ፣ ልጆች ያሳደግሁ፣ የማንም ዕዳ የሌለብኝ ሰው ነኝ። በጡረታዬ ላይ ሚኒስትር አያስፈልገኝም ብዬ ጨርቁን ሁለት ጊዜ መልሻለሁ። ሦስተኛውን ያልመለስኩት በባለቤቴ ዓይን ምክንያት ነው።

ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነው፤ ዞር አድርጎ ነገረን። የግራ ዓይኗ እንደማይመለስ፣ የቀኙም ቀስ እያለ እንደሚደክም ካስረዳን በኋላ፣ «እማማ፣ ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ ዘንድሮ ይዩት» አላት። ወደ ቤት ስንመለስ ክንዷን ይዤ «ምን ማየት ትፈልጊያለሽ?» አልኳት። የልጆቻችንን ስም ትጠራለች ብዬ ነበር።

«ባሕር» አለች።

ገበታ ቤታችን ግድግዳ ላይ የባሕር ሥዕል ያለበት የግድግዳ ካሌንደር አለ። ዓመቱ ካለፈ ቆይቷል፤ ሥዕሉ ግን ይኸው ተሰቅሏል። በየዓመቱ «ለከርሞ እንሄዳለን» ስንል ኖረናል። ከወር ወር የሚተርፍ ነገር ካለ እናስቀምጣለን እንላለን፤ የሚተርፍ ነገር ኖሮ አያውቅም። አሁን ግን ከርሞ የሚባል ነገር አልቀረልንም። ባሕሩ ያለው በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ላይ ነው፤ የባለቤቴ ዓይን ደግሞ እየመሸበት ነው። ወደ ደረጃው ሥር ወረድኩና ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ልጄ፣ ያ ጨርቅ አለ?»

ክብርት ሚኒስትር አልሳቁብኝም። ይህን አልረሳላቸውም። ጨርቁን ተጣጥፎ ከተቀመጠበት አወጡና ተከትለውኝ ወጡ፤ ገበታችን ላይ ተቀምጠው እርሳሳቸውን በጆሮአቸው ላይ ሰኩ።

«እሺ ጋሼ፣ በወር ምን ይገባል?»

«ጡረታዬ።»

«ሌላስ?»

«ትልቋ ልጃችን ትልካለች።»

«በየወሩ?»

«ሲመቻት።»

«የሲመቻትን አንቆጥርም። የምንኖረው በየወሩ ሳይቀር በሚመጣው ነው። የልጅቷ ሲመጣ በቀጥታ ወደ ላይኛው ኪስ። ወጪስ?»

«ኪራይ፣ ምግብ፣ መድኃኒት። ሌላ ምን አለ?»

ባለቤቴ ከማድ ቤት ሳቀች። «ሌላ ምን አለ ይላል! እስቲ ጫማውን ጠይቂው።»

ጫማዬን በየጠዋቱ ጥግ ላይ ያለው ሊስትሮ ይጠርግልኛል። ይህን ስሰማ እንኳን አላፈርኩበትም።

«በየቀኑ ነው ጋሼ?»

«ሰው ሰላም የሚለኝ ጫማዬን አይቶ ነው።»

«እኔ ሰላም የምልዎ ፊትዎን አይቼ ነው እንጂ!»

«አንቺ ቁጭ ብለሽ ስለምትሰፊ መጀመሪያ የምታዪው ጫማዬን ነው።»

ሳቁና የሆነ ነገር ጻፉ። ከዚያ ወደ ጋዜጣው መጣን፤ በቀን ሁለት ነው የምገዛው። ማንበብ የተማርኩት ዘግይቼ፣ ቀለም እንዳይንጠባጠብ ወለል ላይ ከምዘረጋው አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። ንጹሕ ጋዜጣ ገዝቶ፣ ተቀምጦ፣ ነጠብጣብ ሳይኖርበት ማንበብ ለእኔ ማዕረግ ነው። ይህን ባስረዳኋቸው ጊዜ ክብርቷ እርሳሱን አስቀመጡ።

«አንዱን ይግዙ። ሌላውን ፀጉር አስተካካዩ ለደንበኞቹ ይገዛ የለም? እኩለ ቀን ላይ ተለዋወጡ።»

እናም ይኸው ዓለም ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት በኋላ ይደርሰኛል። የጎደለብኝ ነገር የለም። ሊስትሮው ላይ ግን አጥብቄ ተከራከርኩ፤ በመጨረሻ በሁለት ቀን አንዴ ሆነ። ባለቤቴም አልዳነችም። ሁለት ፌርማታ ለማትሞላ መንገድ ታክሲ እንደምትይዝ ታወቀ።

«እግሬን ያመኛል እኮ ልጄ!»

«ሲሄዱ ነው ሲመለሱ እትዬ?»

«ስመለስ። ዕቃ ስለምይዝ።»

«እንግዲያው ሲሄዱ በእግር፣ ሲመለሱ በታክሲ።»

የጡረታው ቀን ሲመጣ ትምህርቱ ተጀመረ። እኔ ልማዴ ገንዘቡን ኮቴ ኪስ ውስጥ ከትቼ የሚወስደው እስኪወስደው መጠበቅ ነበር። ክብርቷ ግን ቆመው አዘዙ። «መጀመሪያ ላይኛው! ከተረፈ አይደለም ጋሼ፤ ከመጀመሪያው ነው። ለባሕሩ ይክፈሉ፣ ከዚያ ለኪራዩ፣ ከዚያ ለሆድ።» ከመቶው አሥሩን አጣጥፌ በቀጭኗ ቀዳዳ ስሰድ ባለቤቴ አጠገቤ ቆማ ነበር። ገንዘቡ ወደ ታች ሲወድቅ የሰማችው ይመስል ደረቷን ያዘች።

«ገባ?»

«ገባ!»

እንደ ልጅ ተሳሳቅን። እውነቴን ነው፤ ከዚያ በፊት ገንዘብ ያስደሰተኝ ሲመጣ እንጂ ሲቀመጥ አልነበረም።

ሦስተኛው ወር ላይ ጥርሴ ተነሳብኝ። ጉንጬ ስላበጠ ግማሹ ፊቴ የሌላ ሰው መሰለ። ሐኪሙ የጠየቀው ገንዘብ ባሕሩን ሊያደርቀው ነው ብዬ አልጋ ላይ ተገልብጬ ተኛሁ። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ ጨርቁን አየችና በቀስታ፣ «ይቅር፤ ካሌንደሩ መች ይወርዳል» አለችኝ። ይህ ከጥርሴ ይልቅ አመመኝ። ክብርት ሚኒስትር ወሬውን ሰምተው ደረጃውን እያለከለኩ ወጡ።

«ምን ሆናችኋል? ጥቁሩ ኪስ ምን ይሠራል? ለጌጥ ነው የሰፋሁት?»

እጃቸውን ወደ «ድንገት» ሰደዱ። በየወሩ ትንሽ ትንሽ ስንጥል ረስተነው ነበር፤ የጥርሱን ሒሳብ ሸፍኖ የታክሲም ተረፈው። ሰዎች ሆይ! ችግር ቤቴ መጥቶ፣ የማንንም በር ሳላንኳኳ፣ ከራሴ በር ኋላ ከተሰቀለ ጨርቅ ድርሻውን ተቀብሎ ሲሄድ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ባሕሩም በቦታው፣ እንደተሰፋ። ጥርሴን ተነቅዬ ስመለስ አፌ በጥጥ እንደተሞላ ላገኘሁት ሁሉ ልነግር ሞከርኩ፤ ማንም አልገባውም።

በየወሩ ለቁጥጥር ሲመጡ ክብርቷ አንድ ልማድ እንዳላቸው ያስተዋልኩት ከዚያ በኋላ ነው። ስፌቱን በጣታቸው ከፈተሹ በኋላ ከካሌንደሩ ሥር ቆም ይላሉ። አንድ ቀን ባለቤቴን ጠየቋት።

«ውሃው በእውነት እንዲህ ነው እትዬ?»

«እኔ ምን አውቄ! ሄጄ እነግርሻለሁ።»

«አንቺ አይተሽው አታውቂም?» አልኳቸው።

«የት አውቄው ጋሼ! የእኔ የተሰፋው ኪስ ለልጄ ትምህርት ነው። ሁለት ነገር ክልክል ነው ብዬ ያወጅኩት እኔ አይደለሁ?» አሉና መቀሳቸውን አንስተው ወረዱ። ያለ ቅሬታ ነበር የተናገሩት። ይህን የሰማነው እኔና ባለቤቴ ግን ምሳችንን ስንበላ ካሌንደሩን ደጋግመን አየን።

በማግስቱ ባለቤቴ መመለሻዋንም በእግሯ አደረገችው። እኔ ደግሞ የጫማ ቀለምና ብሩሽ ገዛሁ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ግድግዳ የቀባ ሰው የራሱን ጫማ መቀባት ያቅተዋል? አቅቶኝ አልነበረም፤ ክብሬ ነበር እንቢ ያለው። በሩን ዘግቼ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ፣ እየቦረሽኩ አስተካከልኩት፤ እንዲያውም የሊስትሮውን አስናቀ። ከዚያም መርፌና ክር ይዤ ጨርቁን ገለበጥኩና በጀርባው በኩል፣ የተቆጣጣሪዋ ጣት በማይደርስበት ቦታ፣ ከአሮጌ ሸሚዜ የቆረጥኩትን አንድ ኪስ ሰፋሁ። ጣቴን ስንት ጊዜ እንደወጋሁ አልናገርም። የሊስትሮውና የታክሲው ገንዘብ እዚያ መግባት ጀመረ።

የመክፈቻው ቀን ደረሰ። ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ዘግቶ መጣ፤ እሱም ከጥቂት ቀን በፊት ወንበሩን ገዝቶ ሕንፃውን ሁሉ አንድ በአንድ ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ነበር። ክብርት ሚኒስትር ምላጩን አወጡና ስፌቱን በጥንቃቄ ተረተሩት። ባሕሩ ገበታው ላይ ፈሰሰ። የአውቶቡስ መሄጃና መመለሻ፣ የሁለት ቀን ማደሪያ፣ ምግብ፤ ለሁለት ሰው ልክክ አለ። ባለቤቴ አጨበጨበች። ክብርቷ ጨርቁን ለማጠፍ ሲገለብጡት ግን እጃቸው ቀጥ አለ።

«ይሄ የእኔ ስፌት አይደለም።»

ፀጉር አስተካካዩ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። «እኔ አይደለሁም! እናቴ ትሙት!»

«ጋሼ፣ ምንድን ነው ይሄ? ይሄ እኮ ስፌት አይደለም፤ አጥር ነው።»

«ክፈቺው» አልኳቸው።

ከፈቱት። ገንዘቡን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ባለቤቴን አዩ።

«ሦስተኛ ቲኬት ነው» አለች ባለቤቴ። «የአንቺ።»

«አይሆንም እትዬ! በጀት ውስጥ የለም! ሥራ አለብኝ፣ የሰው ሱሪ ተቆርጦ ተቀምጧል፣ እንዴት ተደርጎ...»

ይህችን ቀን ስጠብቅ ነው የቆየሁት። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ኪስ አለው?»

ኪሱን አነሱ።

«ኪስ አለው ወይ ነው ያልኩት።»

«አ...ለው» አሉ፣ ኪሱን እንደያዙ። ከዚያም እንደገና አገላብጠው አዩትና፣ «እንዲህ ያለ መጥፎ ስፌት በሕይወቴ አላየሁም» ብለው ፊታቸውን በዚያው በሸሚዜ ቁራጭ ሸፈኑ። ከዚህ በኋላ አንቱታውን ብተወው ይቅር በሉኝ፤ ሰው አንቱ እየተባለ አይታቀፍም።

ባሕሩ ጋ የደረስነው አድረን በማግስቱ ጠዋት ነው። ባለቤቴ ጫማዋን አውልቃ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባችና ቀኝ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች።

«አንተ! ካሌንደሩ ዋሽቶናል። ሰማያዊ አይደለም እኮ! አረንጓዴ ነው!»

«ወደዚያ ራቅ ብለሽ እዪ፣ ግራጫም አለበት» አልኳት፤ ቀለም ላይ እንኳን እኔን ማንም አያሸንፈኝም።

«እሱንም አያለሁ! ያንን የሚያበራውንም አያለሁ! ዝም በል፣ ሁሉንም እያየሁ ነው!»

ክብርት ሚኒስትራችን መሐላችን ቆማለች። ጎንበስ ብላ ውሃውን በመዳፏ ጨለፈች። ያን ጊዜ ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ አንድ ፎቶ አንሺ ቀረበንና ዋጋውን ነገረን። ባለቤቴ ወደ እኔ አየች፣ እኔ ወደ ሚኒስትሯ አየሁ። ለመልሱ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ፎቶ የሚባል ኪስ አልሰፋንም።

እሷ ግን መሐረቧን ፈታች፣ ገንዘብ አወጣችና ለሰውየው ሰጠችው።

«አንሳን» አለችው። «ኪሱን ቤት ስንመለስ እሰፋለታለሁ።»